ለሜዲካል ስኩል ኢንተርቪው ምን ልልበስ?

«ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ከእናቴና ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ እኖራለሁ። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በ15 ዓመቴ ነው። ማታ ማታ ነርሲንግ ሆም እየሠራሁ ዲግሪዬን ጨረስኩ። ዘንድሮ ለሜዲካል ስኩል አመልክቼ ሁለት ቦታ ለኢንተርቪው ተጠርቻለሁ። አንዱ በዙም ነው። ሌላው ጃንዋሪ ውስጥ ሚኒያፖሊስ በአካል ነው። ለጥያቄው መዘጋጀት ሲገባኝ ስለ ልብስ ስጨነቅ አድራለሁ። እናቴ ‹ይህን ቀን ስንት ዓመት ጸልዬበታለሁ፣ የሀገርሽን ልብስ ለብሰሽ ነው የምትሄጂው› ትላለች። በሰው ያስመጣችው ጥልፍ ቀሚስ አለ። የሥራ ጓደኛዬ ደግሞ ‹ጥቁር ሱፍ ግዢ፣ ሹሩባሽን ፈትተሽ ጸጉርሽን ተተኮሺ፣ ማተብሽንም አውልቂ› ትለኛለች። ለልብስ ማውጣት የምችለው 150 ዶላር ነው። ምን ልልበስ?

ግራ የገባት፣ ከሜሪላንድ»

ውድ እህቴ፣

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ! ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልፈልግም። ሜዲካል ስኩሎች ካመለከተው ሰው መሀል ለኢንተርቪው የሚጠሩት ጥቂቱን ነው። ውጤትሽን፣ የኤምካት (የሜዲካል ስኩል መግቢያ) ፈተናሽን፣ ስለራስሽ የጻፍሽውን ሁሉ አይተው «ይህቺን ልጅ እንያት» ብለዋል። ማታ እየሠሩ እዚህ መድረስ ቀላል አይደለም። እናትሽም ቀኑን ትልቅ ቀን ማድረጓ እውነት አላት።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። ልብስ ሜዲካል ስኩል አያስገባም። ሐሳብሽን ግን ይበትናል። ጫማው ሲቆነጥጥሽ፣ ኮቱ ብብትሽ ላይ ሲይዝሽ፣ ሸሚዙ ሲከፈትብሽ ግማሽ ሐሳብሽ እዚያ ይቀራል። ጠያቂው ስለ አንድ ከባድ ታካሚ እየጠየቀሽ አንቺ ቁልፍሽን ትነካኪያለሽ። ስለዚህ የምመርጥልሽ ልብስ ከቤት ስትወጪ የምትረሺውን ነው። የሚቀጥለው ምክሬ ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ግብዣው ላይ «ቢዝነስ ፕሮፌሽናል» የሚል ካለ ሙሉ ሱፍ ማለት ነው። ኮትና ሱሪ፣ ወይም ኮትና ጉርድ። ምንም ባይባልም በሙሉ ሱፍ ሂጂ። ከሌሎቹ ትንሽ በልጠሽ ብትታዪ አትጎጂም፤ ሁሉም በሱፍ ተቀምጦ አንቺ በሹራብ ብትገቢ ግን ቀኑን ሙሉ ይሰማሻል። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ፣ ጥቁር ግራጫ ወይም ጥቁር ይሁን። ጓደኛሽ ጥቁር ማለቷ ስህተት አይደለም። ነገር ግን ርካሽ ጥቁር ጨርቅ ቶሎ ይገረጣል፣ ብናኝ ሁሉ ይታይበታል። ጥቁር ከመረጥሽ ኮቱና ሱሪው አብረው የተሸጡ ይሁኑ። ለየብቻ የተገዙ ሁለት ጥቁሮች ሱቅ ውስጥ አንድ መስለው ቀን ብርሃን ላይ ይለያያሉ። እኔ ብሆን ጥቁር ሰማያዊውን እወስዳለሁ። ለእኛ ቆዳ ያምራል፣ ፊትንም አያጠወልግም።

ሱሪ ወይስ ጉርድ? ሁለቱም ተቀባይነት አላቸው። ዛሬ ሴት ሱሪ ለበሰች ብሎ ነጥብ የሚቀንስ ጠያቂ አለ ብዬ አልሰጋም። ሚኒያፖሊስ በጃንዋሪ ግን ሌላ ነገር ነው። ብርዱ በፋራናይት ከዜሮ በታች የሚወርድበት ቀን አለ። የሜሪላንድን ክረምት የለመደ ሰው ሳይቀር ይደነግጣል። ስለዚህ ሱሪ እልሻለሁ። በእምነትሽ ምክንያት ጉርድ የምትመርጪ ከሆነ ከጉልበት በታች የሚወርድ ይሁን፤ ከወፍራም ስቶኪንግ ጋር። ከመግዛትሽ በፊት መስታወት ፊት ወንበር አስቀምጠሽ ተቀመጪበት፣ ተነሺ፣ እንደገና ተቀመጪ።

ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች አሁን «ኤምኤምአይ» የሚባለውን ዓይነት ኢንተርቪው ይጠቀማሉ። ካናዳ ውስጥ ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው ነው። አንድ ክፍል ተቀምጠሽ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ አታወሪም። በር ላይ የተለጠፈ ጥያቄ አለ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆመሽ ታነቢያለሽ። ከዚያ ገብተሽ ጥቂት ደቂቃ ታወሪያለሽ። ሲደወል ወጥተሽ ወደሚቀጥለው በር። እንዲህ እያልሽ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር ክፍል ልትዞሪ ትችያለሽ። በየክፍሉ አዲስ ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ከባዶ ነው የሚያይሽ። መቀመጥ፣ መነሳት፣ መራመድ ብዙ ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ ተማሪዎች ግቢውንና ሆስፒታሉን ያዞሯችኋል። ረጅም ታኮ የዚያን ቀን ጠላትሽ ነው። ዝቅ ያለ ታኮ ወይም ፊቱ የተዘጋ ጠፍጣፋ ጫማ በቂ ነው። አዲስ ከሆነ ቤት ውስጥ ለብዙ ቀን አድርገሽ አላምጂው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 150 ዶላር ይበቃሻል፤ ግን ሱቅ ከመሄድሽ በፊት አንድ ስልክ ደውዪ። ዲግሪሽን ወደ ሠራሽበት ዩኒቨርሲቲ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በሥራ ፍለጋ ቢሯቸው ስር የሱፍ ማከማቻ አላቸው። በነፃ ይሰጣሉ ወይም ያውሳሉ። አንዳንዶቹ ለተመረቀም ሰው ይሰጣሉ። መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ የተቀመጠው እንዳንቺ ላለ ሰው ነው። ካልሆነ የአክስት ልጅ፣ የቤተክርስቲያን እህት፣ አብራሽ የምትሠራ ነርስ አለች። እኛ ዘንድ ልብስ መዋዋስ አዲስ ነገር አይደለም። ብቻ ልክሽ ይሁን።

መግዛት ካለብሽ ያገለገለ ልብስ ከሚሸጠው ጉድዊል ጀምሪ። ሀብታም ሰፈር ያለው ጉድዊል ጥሩ ሱፍ ይገኝበታል። ከዚያ በቅናሽ የሚሸጡት ማርሻልስ፣ ቲጄ ማክስ፣ ኖርድስትሮም ራክ። ስትመርጪ መጀመሪያ ትከሻውን እዪ። የትከሻው ስፌት በራስሽ ትከሻ ጫፍ ላይ መቀመጥ አለበት። እጅጌ ማሳጠር፣ ሱሪ ማሳጠር፣ ወገብ ማጥበብ ለልብስ ሰፊ ቀላል ሥራ ነው። ትከሻ ማስተካከል ግን ከባድም ውድም ነው። ስለዚህ ትከሻው ልክ ያልሆነ ኮት ምንም ቢያምር ተዪው። ከገንዘብሽ ላይ ለልብስ ሰፊው የሚሆነውን አስቀድመሽ ለይተሽ አስቀምጪ። ጉድዊል የተገዛ በልክሽ የተስተካከለ ሱፍ፣ ውድ ሱቅ ተገዝቶ ከሚንጠለጠልብሽ ሱፍ ይበልጣል። በዚህ ነገር አልከራከርም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። አዲስ ኮት ከኋላው ታች ስንጥቁ ላይ በኤክስ ቅርጽ የተሰፋ ክር ይኖረዋል። ኪሱም የተሰፋ ሊሆን ይችላል። እጅጌው ላይ የድርጅቱ ስም ያለበት ትንሽ ጨርቅ የሚለጠፍበትም አለ። እነዚህ ከፋብሪካ እስከ ሱቅ ቅርጹ እንዳይበላሽ የተደረጉ ናቸው። በትንሽ መቀስ ቀስ ብለሽ ፍቻቸው። ስንቱ ጥሩ ልጅ ያን ክር ይዞ ኢንተርቪው ገብቷል! ወንድምሽ አንድ ቀን ሱፍ ሲያስፈልገው ይህንኑ ንገሪው። የሚዜ ሱፉንም ለእንዲህ ያለ ቀን እንዳይለብስ ንገሪው። የሚያብረቀርቅ ጨርቅና ቢራቢሮ ክራቫት ለሠርግ ነው የሚያምረው።

ከኮቱ ስር ክሬም ወይም ቀላል ሰማያዊ ሸሚዝ በቂ ነው። አንገቱ ጎንበስ ስትዪ የማይከፈት ይሁን። ወርቅን በተመለከተ እናትሽ «ባዶ አንገትሽን አትሂጂ» ማለቷ አይቀርም። ትንሽ ጉትቻ አድርጊ፣ ሰዓት እሰሪ፣ ይበቃል። የሚንቀጫቀጭ አምባር ጠረጴዛ ሲነካ ራስሽንም ይረብሽሻል። ጥፍርሽን አሳጥሪው። ነርሲንግ ሆም ስለምትሠሪ ይህን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል በ2002 ባወጣው የእጅ ንጽህና መመሪያ፣ ከፍተኛ ተጋላጭነት ያላቸውን ታካሚዎች የሚነኩ ሠራተኞች ሰው ሠራሽ ጥፍር እንዳያደርጉ ይመክራል። ከጠያቂዎችሽ መሀል ሐኪሞች ይኖራሉ። ዓይናቸው እጅ ላይ ቢያርፍ አይገርምም። ደግሞ ነጭ ጋውንም ሆነ የሥራ ስክራብሽን ለብሰሽ እንዳትሄጂ። ከሥራ ቀጥታ የምትሄጂ ቢሆን እንኳ ቀይሪ።

ስለ ሽታ በግልጽ ልናገር። በአፓርታማ ስንኖር ሽንኩርቱ፣ ቅቤው፣ ዕጣኑ ልብስ ውስጥ ይገባል። እኛ ስለለመድነው አይሸተንም። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ቤታችን ነው። ግን ጠባብ ክፍል ውስጥ ከማታውቂው ሰው ጋር ነው የምትቀመጪው። ሱፉን እንዳጸዳሽ በከረጢቱ እንዳለ ከኩሽና ርቆ በሩ በሚዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ስቀዪው። ካፖርቱንም እንዲሁ፤ እሱን ሁሉም ይረሳዋል። ሽቶ ግን አትቀቢ። ሽቶ የማይፈቀድባቸው ሆስፒታሎች አሉ፤ አስም ያለበት ጠያቂ ሊገጥምሽ ይችላል።

አሁን ጓደኛሽ ወዳለችው። እዚህ ላይ በጣም አልስማማም። ሹሩባሽን አትፍቺው። ንጹሕ፣ በደንብ የተሠራ፣ ከፊትሽ ወደ ኋላ የተያዘ ሹሩባ ሙሉ በሙሉ የባለሙያ ጸጉር ነው። ተፈጥሮአዊ ጸጉርና ሹሩባ በማድረግ ሰውን ማግለል የሚከለክል «ክራውን አክት» የሚባል ሕግ አለ። ካሊፎርኒያ በ2019 የመጀመሪያዋ ሆና አጸደቀችው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በ2020 ተከተሉ። ኢንተርቪው የምትሄጂባት ሚኒሶታም በ2023 አጽድቃዋለች። ጠያቂዎችሽ ሕጉን ፈርተው ይቀበሉሻል ማለቴ አይደለም። ብቻሽን እንዳልሆንሽ፣ ይህ ጥያቄ በሕግ እስከመደንገግ የደረሰ መሆኑን እንድታውቂ ነው። የሚያሳስበኝ ጊዜው ብቻ ነው። ሹሩባውን በዋዜማው አትሠሪ። አዲስ ሹሩባ ይወጥራል፣ ራስ ያሳምማል። አራት አምስት ቀን ቀደም ብለሽ ተሠሪ። ከዚህ በፊት ሞክረሽው የማታውቂውን አሠራርም ለዚያ ሳምንት አታድርጊ።

ማተብሽንም አታውልቂ። በሸሚዝ አንገት ስር የሚውል ክር ነው። ቢታይም የሚያስነውር ነገር የለውም። ከልጅነትሽ ጀምሮ አንገትሽ ላይ ያለውን ነገር በዚያ ጠዋት አውልቀሽ ብትሄጂ ቀኑን ሙሉ አንገትሽን ስትዳስሺ ትውያለሽ። የምታነቡኝ ሙስሊም እህቶቼም ሂጃባችሁን በተመለከተ ይህንኑ እላችኋለሁ። ከሱፉ ጋር የሚሄድ፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት፣ የማይንሸራተት ጨርቅ መርጣችሁ በልኩ በመርፌ ቁልፍ አስይዙት። ሌላ መጨነቅ አያስፈልግም። ሐኪም የምትሆኑት ከነማንነታችሁ ነው።

ታዲያ ስለ ማንነት እንዲህ ካልኩ የእናትሽን ቀሚስ ለምን አልደግፍም? ይህን ብዙ አሰብኩበት። የሀበሻ ቀሚስ ለብሰሽ ብትሄጂ የሚከለክልሽ የለም። በኩራት ለብሶ የሚሄድ ሰው ቢኖርም አከብረዋለሁ። ለአንቺ ግን ለዚያ ቀን አልመርጥልሽም። ምክንያቴ አንደኛ ብርዱ ነው፤ ስስ ጥጥ ለሚኒሶታ ጃንዋሪ አይሆንም። ሁለተኛ ነጠላው ነው። ከትከሻ ይወርዳል፣ ታስተካክይዋለሽ፣ ይወርዳል። ስምንት በር እየዞሩ ይህን ማድረግ ያደክማል። ትልቁ ምክንያቴ ግን ሰዓቱ ነው። ጠያቂው ደግ ሰው ቢሆን «እንዴት ያምራል! ከየት ነው?» ይልሻል። አንቺም ትመልሻለሽ። ከጥቂት ደቂቃሽ ላይ ያ ይሄዳል። አንዳንድ ጠያቂዎች ፋይልሽን እንኳ ሳያዩ ነው የሚገቡት፤ የሚያውቁሽ በዚያች ጊዜ በምትናገሪው ብቻ ነው። በዚያች ጊዜ እንዲሰሙ የምፈልገው ሌሊት ሌሊት ስለምታገላብጫቸው አዛውንቶች፣ በ15 ዓመትሽ በአዲስ ቋንቋ ስለጀመርሽው ትምህርት ነው። ሀገርሽ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ አለች። ከፈለግሽ ጥበብ ያለበት ትንሽ ስካርፍ በኮቱ ስር አድርጊ። ለዚያ ቀን እሱ በቂ ነው።

እናትሽን ግን በክርክር አትጋፈጫት። ለቀሚሱ ሌላ ቀን አለው። ሜዲካል ስኩል ስትገቢ «ኋይት ኮት ሴሬሞኒ» የሚባል አለ፤ አዲስ ተማሪዎች ነጩን ጋውን በሰው ፊት የሚለብሱበት። በ1993 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነው የተጀመረው። አርኖልድ ጎልድ የሚባሉ የሕፃናት የነርቭ ሐኪም የመሠረቱት ፋውንዴሽን ነው ያስጀመረው። ዛሬ በአብዛኛው የአሜሪካ ሜዲካል ስኩል አለ። ቤተሰብ ይጋበዛል። እናትሽን እንዲህ በያት፦ «እማዬ፣ ያን ቀሚስ ጋውኑን የምለብስበት ቀን ነው የምለብሰው። ያን ቀን አንቺም የአንቺን ለብሰሽ ከፊት ትቀመጫለሽ።» ከዚያ ለሱፉም ድርሻ ስጫት። ልብስ ሰፊው ጋ አብራሽ ትሂድ፤ የእናት ዓይን ያልተስተካከለ እጅጌ አያመልጠውም። ስትሳሳት እሺ በያት፣ ስትመርቅሽ አሜን በያት። የምትፈልገው ቀሚሱን ብቻ አይመስለኝም። ከቀኑ ውስጥ እሷም እንድትኖርበት ነው።

የዙሙን ባጭሩ። ሙሉ ልብስ ልበሺ፣ ሱሪውንም ጫማውንም ጭምር። ድንገት ብትነሺስ? ቀጫጭን መስመር ወይም ደቃቅ ካሬ ያለበት ሸሚዝ ካሜራ ላይ ይርገበገባል፤ ተዪው። ደማቅ ነጭም ብርሃን ይመልስና ፊትሽን ያጠቁረዋል። ቀላል ሰማያዊው እዚህም ይሠራል። መብራት ከፊትሽ ይሁን፣ መስኮት ከኋላሽ አይሁን። አንድ ቀን ቀደም ብለሽ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ልብስ ራስሽን ካሜራ ላይ እዪ። ቤት ውስጥ ላሉት ሰዓቱን ስትነግሪ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አስረግጠሽ ተናገሪ። እናትሽ «ሦስት ሰዓት» ስትሰማ ጠዋቱን ታስብና ከሰዓት ላይ ቡና ልትቆላ ትችላለች። ቴሌቪዥኑም ይጠፋ።

ለሚኒያፖሊስ ጉዞ ሱፉን ለአየር መንገዱ አታስረክቢ። ሻንጣ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። አውሮፕላን ውስጥ ይዘሽው ግቢ። ጫማሽንም፣ ሸሚዝሽንም። ሌሊት ላይ ሱፉን መታጠቢያ ቤት ሰቅለሽ ሙቅ ውሃ ክፈቺ፤ እንፋሎቱ ጭምድዱን ያላላዋል። ጠዋት ቦት ጫማ አድርገሽ ሂጂና እዚያ ደርሰሽ ቀይሪ። መንገድ ላይ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ጨው ጫማ ላይ ነጭ ምልክት ይተዋል። እርጥብ ፎጣ ቦርሳሽ ውስጥ አኑሪ። ትርፍ ስቶኪንግ፣ መርፌና ክር፣ ማስቲካ ሳይሆን ከረሜላ ያዢ። ካፖርት ከሌለሽ አዲስ አትግዢ። ለሁለት ቀን የሚያውስሽ ሰው አታጪም፤ ሚኒሶታ ደግሞ ብዙ ሀበሻ አለ። የቤተክርስቲያን ሰዎችን አጠያይቂ፤ ከኤርፖርት የሚቀበልሽም አይጠፋም።

ዛሬ ማታ ለትምህርት ቤቱ አድሚሽን ቢሮ አጭር ኢሜይል ጻፊ። ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፦ ኢንተርቪው ኤምኤምአይ ነው ወይ፣ ካፖርትና ቦርሳ የምታስቀምጪበት ቦታ አለ ወይ፣ የግቢው ጉብኝት ከቤት ውጭ ነው ወይ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣላቸዋል፤ ማንም አይታዘብሽም። መልሳቸው ሲመጣ ጫማሽን በዚያ ወስኚ። ቅዳሜ ከእናትሽ ጋር ጉድዊል ሂዱ። ልብስ ሰፊው ጨርሶ ሲሰጥሽ ሙሉውን ለብሰሽ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዓት ተቀመጪ፤ ወንድምሽ በር ላይ ጥያቄ እየለጠፈ ይጠይቅሽ።

ውጤቱን ጻፊልኝ። ለእናትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።